የፍላቂቱ ሹካ

ባለፈው እሑድ ልጄ ሰላም ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ወሽቃ «አባዬ፣ ይቺን ብስክሌት ልገዛ ነው፤ እስቲ እያት» አለችኝ። እኔ መነጽሬን ፈልጌ እስካገኝ ድረስ ሌላ ሰው ወልድያ ደርሶ ይመለሳል፤ እንደምንም አገኘሁትና አየሁ። ሰማያዊ ቀለም የተቀባች፣ እንደ ሙሽራ የተኳለች አሮጌ ብስክሌት ናት። ሻጩ የወልድያ ሰው ነው፤ ፎቶዋን በቴሌግራም ልኮላታል። ሰላም ነርስ ናት፤ ከላሊበላ ወደ ኤርፖርቱ በሚወርደው መንገድ፣ ታች ቆላው ላይ ካለ ጤና ጣቢያ ትሠራለች፤ ባጃጅ መጠበቅ ሰልችቷታል። ያን ቁልቁለት ለማያውቅ ሰው ልንገረው፤ ፍየል እንኳ ስትወርደው አማትባ ነው። እኔ ግን ስለ ቁልቁለቱ አንድ ቃል አልተነፈስኩም። ስለ ጎማውም ስለ ፍሬኑም አልጠየቅሁም። ዓይኔ የሄደው የፊቱን ጎማ በሁለት እግሩ መሃል አቅፎ ወደሚይዘው ብረት፣ ወደ ሹካው ነው። ጎማ ቢፈነዳ ይለጠፋል፤ ሰንሰለት ቢበጠስ ይቀጠላል፤ ፍሬን እምቢ ቢል ጫማ አለ። ሹካ ቁልቁለት ላይ ከከዳህ ግን የሚጠግንህ መካኒክ ሳይሆን ወጌሻ ነው።

«ሹካው ደህና ነው?» አልኳት።

«ይኸው ይታያል እኮ፤ አዲስ ቀለም ተቀብቷል።»

«እሱ ነው ያስፈራኝ። ሹካ በፎቶ አይታይም። ድምፁን ያምጣ።»

«የምን ድምፅ?»

«ሰውየውን እንዲህ በይው። ሹካውን ፈትቶ በገመድ ያንጠልጥለው፤ ከዚያ በመፍቻ መትቶ ድምፁን ቀድቶ ይላክልን።»

ሰላም እንደ በሽተኛዋ ግንባሬን ዳበሰችኝ። እናቷ ብርቄ ግን ከጓዳ ሆና ሳቋን ለቀቀችው። «ጻፊለት ልጄ፣ ጻፊለት። አባትሽ እኔንም ያገኘኝ በሹካ ድምፅ ነው» አለች። ወይ ብርቄ! ይህን ካለች በኋላ እኔ የት አባቴ ልቀመጥ፤ እዚያው ወንበሬ ላይ ሆኜ ወደዚያ ዘመን ሄድኩ።

ያኔ ላሊበላ ባጃጅ የሚባል ነገር በሕልሟም አላየች። ፈረንጅ በላንድሮቨር፣ ባለጸጋ በበቅሎ፣ መነኩሴ በእግሩ ነበር የሚሄደው፤ እኔ ደግሞ በብስክሌት። በመላው ላስታ አንድ ብስክሌት ብቻ ነበር ብዬ ብምል የሚከራከረኝ የለም፤ የቀሩት ሁለቱ ጎማ አልነበራቸውማ። የእኔዋን መንገድ ሊሠሩ የመጡ ሰዎች ሲሄዱ ትተዋት ነው። ክብደቷ የወይፈን ነው፤ ዳገት ላይ እኔ ነኝ የምሸከማት፣ ቁልቁለት ላይ እሷ ትሸከመኛለች፤ በላሊበላ መሬት እንዲህ ነው ተስማምቶ መኖር። ከኮምቦልቻ ያስመጣኋትን ጂንስ ጃኬት አንገቷን ቀጥ አድርጌ፣ የካኪ ሱሪዬን እግር ሰንሰለት እንዳይበላው በሲባጎ አስሬ፣ በረባሶ ጫማዬን በውኃ ወልውዬ በቅዳሜ ገበያ በኩል ሳልፍ፣ ጸሎት ላይ ያለ ሰው እንኳ አንድ ዓይኑን ይከፍት ነበር። ሻይ በሳንቲም ይጠጣል። ብርቱካን ከእነ ቅርጫቱ ስትገዛ ሻጩ ቅርጫቱን አይቆጥርብህም። ገበያው ጥግ ያለችው ሻይ ቤት በባትሪ የሚሠራ ቴፕ ነበራት፤ ባትሪው ሲደክም ዘፋኙን እንደ ሰካራም ታስጎትተዋለች። እኛም ዜማው እንዲያው መስሎን ስንት ዘመን እየጎተትን ዘፈንነው። ኋላ አዲስ ባትሪ የገባ ዕለት ሁላችንም ተቆጣን፤ «ምነው ይሄን የመሰለ ዘፈን አጣደፉት!» ብለን።

ብርቄ የመምሬ ደምሴ ልጅ ናት። መምሬ ከነአኩቶ ለአብ ገዳም ወረድ ብላ ባለች ትንሽ የገጠር ሚካኤል ቄስ ነበሩ፤ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ጢማቸው እንደ ገብስ ነዶ ነው። ሰው የሚመዝኑት በነገሩ ሳይሆን ነገሩን በያዘበት አያያዝ ነው። ብርቄን የማያት ውኃ ስትቀዳ፣ እኔ ብስክሌቴን ስገፋ ነበር። እሷ ናት መጀመሪያ ያለችኝ፦ «እህቶቼ ሁሉ ሲዳሩ በበቅሎ ነው የሄዱ። እኔ በቅሎ ሰልችቶኛል። እኔን የምታገባ ከሆነ በዚችው በብስክሌትህ ነው የምወጣ።» እኔ ደግሞ አፌ ከብስክሌቴ ይፈጥናል፤ «በብስክሌቴ ካልወሰድኩሽ ስሜን ለፍየል ስጭው» ብዬ ማልኩ። ወዲያው ሽማግሌ ላክሁ።

ታዲያ መልስ በምጠብቅበት ሳምንት፣ በዚያው በነአኩቶ ለአብ ቁልቁለት ላይ የብስክሌቴ ሹካ ቀጭ አለ። ብስክሌቷ ወደ ገደሉ ጠርዝ፣ እኔ ወደ መንገዱ። በደረቴ እየተንሸራተትኩ ሄጄ የቆምኩት አንድ ጥንድ የቄስ ጫማ ሥር ነው። ቀና ብል መምሬ ደምሴ ናቸው።

«ምነው ልጄ፣» አሉኝ መስቀላቸውን ዘርግተው፣ «ለመሳለም ይሄን ያህል መቸኮል?»

ከሳቁ በኋላ ግን አልሄዱም። የተሰበረውን ሹካ አንስተው ስብራቱን ወደ ፀሐይ አዞሩት። ግማሹ አዲስ ስብራት ነው፣ ያበራል። ግማሹ ዝጎ ጠቁሯል፤ ብረቱ ከሥር ከተሰነጠቀ ቆይቷል፣ ላዩን ቀለም ሸፍኖት ነው።

«ይሄን ሳታይ ነበር የምትቀመጥበት?»

«ቀለሙ ደህና ነበር፣ አባ።»

«ልጄንም እዚህ ላይ ልታስቀምጣት ኖሯል?»

በማግስቱ ሽማግሌዎቹ መልሱን አመጡልኝ። «ሌላ ሹካ ሲገዛ አብሬው ሄጄ አያለሁ። ልጄ የምትቀመጥበትን ብረት መምረጥ ካወቀ እሰጠዋለሁ። ካላወቀ በቅሎ ያለው ሌላ ጠያቂ አለ፤ ለዚያ እድራታለሁ።» ይኸው ነው። ሰው ለጋብቻ ዘሩ ይቆጠራል፣ መሬቱ ይታያል፤ የእኔ ብቻ በዓለም ለመጀመሪያ ጊዜ በሹካ ሆነ።

እኔም ያን ሰሞን የሹካ ሊቅ ሆንኩ። የተሰበረውን አልጋዬ ላይ አስተኝቼ ከወገቡ እስከ እግሩ አጠናሁት። ሰው ዳዊት በሚደግምበት ሰዓት እኔ ብረት እደግማለሁ። የት እንደሚሰነጠቅ፣ ከፊት የተጋጨ ብረት የት እንደሚጨማደድ፣ ዝገቱ ከውጭ ነው ወይስ ከውስጥ፣ ሁሉን ለየሁ። ቤተ ጊዮርጊስ ሄጄ ያንን ከአለት ተፈልፍሎ እንደ ክር ቀጥ ያለውን ግድግዳ በአንድ ዓይኔ እያየሁ፣ ቀጥ ያለ ነገር ምን እንደሚመስል ዓይኔን አስተማርኩት። አሁንም ጠማማ ነገር ካየሁ ጥርሴን ያመኛል፤ ስብሰባ የማልሄደው ለዚሁ ነው።

ሹካ የሚገኘው ደጋው ላይ፣ ፍላቂት ገበያ ነው ተባለ። በገበያ ቀን አሮጌ ብረት ከቆላ እየጫነ የሚመጣ ነጋዴ አለ። መምሬም የራሳቸው ጉዳይ ነበራቸው፤ የሚካኤል ደወል ከጽድ ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ ጠፍጣፋ ድንጋይ ነው፣ እሱ ተሰንጥቆ ሲመታ ቅል የሚቆረቆር ይመስላል፣ ሰዉም አልሰማሁም እያለ ቅዳሴ ይቀራል። ደወል የሚሆን ነገር ካገኘሁ ብለው ነው። በገብስ መኪና ላይ ጆንያ ተደግፈን ወጣን። ፍላቂት ስንደርስ ደግሞ ብርዱ! የፍላቂት ብርድ ሰላምታህን አየር ላይ ያደርቀዋል፤ «እንደምን አደራችሁ» ብለህ ጠዋት የተናገርከው ሲሟሟ ከሰዓት ይሰማል።

ነጋዴው አያ ሰይድ ይባላል። ሽርጡን ከጋቢ በታች ያሸረጠ፣ ጨዋታው ከብረቱ የሚበዛ የቆላ ሰው። ጆንያ ዘርግቶ ማረሻ፣ ማጭድ፣ የበር ማጠፊያ፣ የምጣድ ጆሮ ሳይቀር ደርድሯል። መሃላቸው ሦስት የብስክሌት ሹካ ተጋድሟል። ልቤ ዘለለች።

«ቀዩን ውሰድ፣» አለኝ አያ ሰይድ ገና ሳልቀመጥ። «ወላሂ ትናንት ከፋብሪካ የወጣ ነው የሚመስል።»

«ትናንት ከቀለም ቆርቆሮ ነው የወጣ» አልኩት። ቀዩን አነሳሁ። ሁለቱ እግሮች ከላይ የሚገናኙበትን ትከሻ፣ ከኋላው በኩል በጥፍሬ ቀስ ብዬ ዳበስኩት። ቀለሙ ሥር ብረቱ እንደ ሽማግሌ ግንባር ተጨማድዷል። «አያ ሰይድ፣ ይሄ ከግድግዳ ጋር ተሳስሟል።»

«ኧረ ተወኝ አቦ! አንተ ያዋለድከው ይመስል።»

ሁለተኛውን አነሳሁ። በአንድ ዓይኔ ከጎን አየሁት፤ የቅርቡ እግር የሩቁን በደንብ ሸፈነው፣ ይህ ጥሩ ነው። ከዚያ ከጋቢዬ ጠርዝ ክር መዘዝኩና ከአንገቱ ቀዳዳ መሃል እስከ አንደኛው እግር ጫፍ ለካሁ፤ ያንኑ ክር ወደ ሌላኛው እግር ወሰድኩት። በገብስ ፍሬ ያህል ተረፈ።

«አንካሳ ነው» አልኩ።

«በገብስ ፍሬ!» አያ ሰይድ ጮኸ። «አንተ ላስቴ፣ ሹካ ነው የምትገዛው ወይስ ሙሽራ ነው የምትመርጠው?»

«ሁለቱንም» አልኩት። ከኋላዬ መምሬ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

ሦስተኛው ጥቁር፣ የተቧጨረ፣ ማንም ዞር ብሎ የማያየው ሹካ ነው። ላዩ ላይ ትንሽ ዝገት አለ፤ በምራቄ ስጠርገው ለቀቀ። ጣቴን አንገቱ ውስጥ ከተትኩ፤ ደረቅ ነው፣ የሚፈረፈር ቅርፊት የለውም። እላዩ ያለውን ብሎን በእጄ አዞርኩት፤ እንደ ቅቤ እስከ ታች ወረደ፣ ጥርሱ አልተበላም። ከጎን አየሁት፣ ቀጥ ብሏል። በክር ለካሁት፣ እኩል ነው። እግሩ ሥር ብየዳ ፈለግሁ፤ የለም። የቀረው አንድ ፈተና ነው። ሱሪዬን ያሰርኩበትን ሲባጎ ፈትቼ ሹካውን አንጠለጠልኩና በአያ ሰይድ ማረሻ ነካ አደረግሁት።

ድንንንንንን...

እኔ በሕይወቴ አጋንኜ አላውቅም፤ ያየሁትን ብቻ ነው የምናገር። ገብስ ሰፋሪው እጁ አየር ላይ ቀረ። አህዮች ጆሯቸውን አቀኑ። አንዲት እናት አማተቡና «ዛሬ ማን ነው የሚነግሠው?» ብለው ጠየቁ። ድምፁ ሜዳውን ዞሮ፣ እስታይሽ ከተማ ድረስ ሄዶ፣ ተመልሶ መጣና አሁንም ሹካው አላበቃም። ብልህ ገዥ ቢሆን እዚህ ላይ ፊቱን አጨማዶ «ምን ያደርጋል፣ ዝጓል» ይላል። እኔ ግን «እልልል! ይኸውላችሁ ሹካ!» ብዬ አረፍኩት። በአያ ሰይድ ዓይን ውስጥ ዋጋው በቅሎ ላይ ሲወጣ አየሁት።

«እስቲ ድገመው» አሉ መምሬ።

ደገምኩት። ዓይናቸውን ጨፍነው እስኪያልቅ ሰሙ። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው ሹካውን ከእጄ ተቀበሉኝ፤ ነጠቁኝ አልልም፣ ቄስ አይነጥቅም።

«ይሄማ የሚካኤል ነው» አሉ።

አያ ሰይድ አልገባውም። መምሬ ስለተሰነጠቀው ድንጋይ ነገሩት። እሱም ከእኔ ጋር ሲሟገት የነበረው ሰውዬ እጁን በሽርጡ ጠረገና ተነሣ። «ለሚካኤል ከሆነማ ከእኔ ይሁን፣ አባ። የእኛ መስጊድ ጣራው ሲወጣ እንጨቱን የተሸከመልን የክርስቲያኑ ሰፈር ነው። ይውሰዱት። ዱዓ ብቻ አይርሱን።»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ ልጄ። ቤትህን ይባርከው።»

«አያ ሰይድ፣ እኔስ?» አልኩ።

«አብሽር! አንተማ ገዥ ነህ፤ ቀዩን ግዛ!» ብሎ ሳቁን ለቀቀው፤ ገበያውም አብሮ።

እኔ ግን ሳቁ አልመጣልኝም። ቆሜ ቀረሁ። ሹካዬ በመምሬ ብብት ሥር ነው። አይሆንም ብል ከአማቴ፣ ከአያ ሰይድና ከሊቀ መላእክቱ ጋር ባንድ ቀን መጣላቴ ነው። እሺ ብል ብስክሌቴ ዱላ ናት፤ ለብርቄ የማልኩት መሐላ ፍየል ሊበላው ነው፤ ባለበቅሎውም እዚያ ማዶ ኮርቻውን እየወለወለ ነው። ይህን ሁሉ መምሬ ያውቃሉ። ቀና ብለው አዩኝና በለሰለሰ ድምፅ፣ «ምነዋ፣ ቀዩም እኮ ያምራል። ለአንድ ቀን ሠርግ ምን ይሆናል? ገዝተህ ጉዳይህን ጨርስ» አሉ።

ቀዩን አየሁት። እውነትም ያምር ነበር። በሩቅ ማንም አያውቅበትም። ብርቄ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ ቁልቁለቱን ስትወርድበት በዓይነ ሕሊናዬ መጣችና፣ ያን የተጨማደደ ትከሻ ጥፍሬ አስታወሰው።

«አይሆንም፣ አባ» አልኩ። «እሷን እዚያ ላይ አላስቀምጥም። ብስክሌቱ ይቅር። በጀርባዬም ቢሆን እወስዳታለሁ፤ እምቢ ካሉኝም እምቢ ይበሉኝ።»

መምሬ ሹካውን በጋቢያቸው ጠቀለሉት። በመኪናው ስንመለስ ፀሐይ ልትገባ ነው፣ ነፋሱ ጆሮ ይቆርጣል፤ እኔ ጆንያዬ ላይ ተኮራምቼ ስሜን የምሰጠውን ፍየል በሐሳቤ እመርጣለሁ። ጋሸናን አልፈን ወደ ላሊበላ ስንታጠፍ መምሬ ድንገት፣

«ሚዜዎችህ ስንት ናቸው?» አሉኝ።

«ምን አሉኝ አባ?»

«ለድግሱ ማወቅ አለብን እኮ። ጠንካሮች ናቸው?»

በአገራችን አባት ሚዜ ከጠየቀ ልጅቱን ሰጥቷል ማለት ነው። ከመኪናው ላይ ልወድቅ ነበር፤ ለሁለተኛ ጊዜ እግራቸው ሥር።

ሚዜዎቼ ጠንካሮች ነበሩ፤ ይመስገኑ። የሠርጌ ዕለት የብስክሌቴን የኋላ ጎማ እንዳለ ተውኩት። ፊቷ ግን ሹካም ጎማም የለው፤ ሁለት ሚዜዎች፣ አንዱ በቀኝ አንዱ በግራ፣ የአንገቷን ብረት በገመድ በትከሻቸው ያዙ። እነሱ ናቸው ሹካው። እኔ መጀመሪያ ሁለቱንም በአንድ ዓይኔ ከጎን አየኋቸው፤ የቅርቡ የሩቁን ሸፈነው። በክር ልለካቸውም ነበር፣ «ሂድ ወዲያ!» አሉኝ። ብርቄን ከኋላ አስቀመጥናት። ቀሚሷን ሰብስባ፣ ከመሸፈኛዋ ሥር እየሳቀች፣ እህቶቿ እልል እያሉ፣ ከአባቷ ደጅ እስከ መኪናው መንገድ ወጣች። ባለበቅሎው ከነበቅሎው ቆሞ ያይ ነበር፤ በቅሎዋ ራሷ ቀናች ይባላል። ሚካኤል አጠገብ ስንደርስ መምሬ ከጽዱ ሥር ቆመው ጠበቁን። ዝም ብለው ማረሻውን አንስተው ያን ጥቁር ሹካ መቱት። ያ ድምፅ በሸለቆው ወርዶ ነአኩቶ ለአብ ድረስ ተሰማ። ከዚያ ቀን ወዲህ በዚያች ደብር «ደወል አልሰማሁም» ብሎ ከቅዳሴ የቀረ ሰው ካለ ውሸታም ነው።

ላንድሮቨሩ ሄደ፣ ቴፑ ሄደ፣ ጂንስ ጃኬቷን አይጥ ጨረሳት። የዚያን ጊዜ ብረት ሁሉ ቀልጦ ሌላ ነገር ሆኗል። ሹካው ግን እዚያው ጽድ ላይ ነው። ኅዳር ሚካኤል በመጣ ቁጥር ከብርቄ ጋር እንሄዳለን፤ ሰው ለጸሎት ይሄዳል፣ እኔ በተጨማሪ ለፍተሻ። ይህን ሁሉ ዘመን ተቀጥቅጦ አንድ ስንጥቅ አልወጣውም። አያ ሰይድም በሕይወት ሳለ በዚያ በኩል ሲያልፍ ቆሞ ያዳምጠው ነበር አሉ፤ «የሸጥኩት ሁሉ ዝጓል፣ የሰጠሁት ነው የቀረ» ይል ነበር።

እንግዲህ ማክሰኞ ማታ፣ ራት ላይ ሳለን የሰላም ስልክ ጮኸ። የወልድያው ሰው ድምፁን ላከ። ሰላም ስልኩን ገበታው መሃል አስቀምጣ ከፈተችው።

ቃ።

«እስቲ ድገሚው» አልኩ።

ቃ። ደግሞም መጨረሻው ላይ ሽው የሚል ነገር አለው፣ እንደ ጥርስ አልባ ሰው ፉጨት። እኔ ገና አፌን ሳልከፍት ብርቄ እጇን ከወጡ አነሳች። ሠላሳ ዓመት ያን ደወል ስትሰማ የኖረች ጆሮ ናት።

«ይሄ ማንንም አይጠራም» አለች። «ልጄን በዚህ ላይ አላስቀምጥም።»

«እማዬ፣ አንቺም ጀመርሽ?» አለች ሰላም። ግን ጻፈችለት፤ ትከሻው ላይ ያለውን ቀለም ከኋላ በኩል ፋቅ ፋቅ አድርጎ እንዲያይ። ሻዩ ሳይቀርብ መልሱ መጣ፤ ሰውየው በድምፁ ነው የተናገረው፣ ደንግጧል።

«እህቴ፣ ወላሂ እኔም አላወቅሁም፤ ስፍቀው ዙሪያውን ተሰንጥቋል። አላህ ነው ያወጣሽ። ሌላ ብስክሌት አለኝ፣ ነገ የሱን ሹካ መትቼ እልክልሻለሁ። ግን እስቲ ንገሪኝ፣ ብስክሌት ነው የምትገዢው ወይስ ደወል?»

ሰላም አየችኝ። እኔም ብርቄን አየኋት። ብርቄ እንጀራዋን ቆርሳ፣

«ሁለቱንም በይው» አለች።